ያልቆጠርናቸው ወንዶች ልጆች

ስማቸውን አልጽፍም። ማን እንደ ሆኑ ግን በተራ እናገራለሁ።

ባለቤቴ አለች። የይፋግ ልጅ ናት። ብዙ አትናገርም፤ የተናገረችውንም እኔ ብዙ ጊዜ አልሰማኋትም። እናቴ አለች፤ ቁሐር ሚካኤል ከሩዝ ማሳችን ዳር ትኖራለች፣ ያለችው ካልሆነ አትተኛም። አማቴ አሉ፤ መጀመሪያ ልጠይቃቸው ሲገባኝ መጨረሻ የጠየቅኋቸው። ሴት ልጄ አለች፤ አሁን ስምንተኛ ክፍል ናት። ሦስተኛው ወንድ ልጄ አለ፤ ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ እሱ ነው። ባሕር ዳር የምትሠራ አንዲት የሕፃናት ሐኪም አለች። ደማችንን ሊወስድ የመጣ አንድ ተመራማሪ አለ። ሐሙሲት የተዳረች የባለቤቴ ታናሽ እኅት አለች። ከዚያ እኔ አለሁ፤ ከሁሉም አብልጬ የምወቅሰው።

ትምህርት ያቋረጥሁት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ወረታ ከተማ ውስጥ የውኃ ፓምፕና የሩዝ መፈልፈያ ሞተር እጠግናለሁ። ያስተማረኝ የለም። አንድ የተበላሸ ፓምፕ ገዝቼ ሦስት ጊዜ ፈታሁት፣ ሦስት ጊዜ ገጠምሁት፣ በአራተኛው ተነሣ። ንባብንም በዚሁ መንገድ ነው የያዝሁት፤ ያገኘሁትን መጽሐፍ እስኪገባኝ እደጋግመዋለሁ። በቤቴ ውሸት አይነገርም። ሴት ልጄ ሳታነብ አትተኛም። ይህን የምለው ልመጻደቅ አይደለም። ትንሽ ያወቀ ሰው ምን ያህል ሊያጠፋ እንደሚችል አንባቢ እንዲረዳልኝ ነው።

የመጀመሪያው ወንድ ልጃችን በአምስት ወሩ ሞተ። አፉ ውስጥ ነጭ ነገር ወጣበት፣ አልለቅ አለው፤ ከዚያ ሳል፣ ከዚያ ተቅማጥ፣ ከዚያ እንደ ተከፈተ ጎማ ተነፈሰ። ቀጥላ ሴቷ ተወለደች፤ እሷ አድጋ ግቢ ውስጥ ዶሮ ታባርር ጀመር። ከእሷ በኋላ ሁለተኛው ወንድ መጣ። እሱም በስድስት ወሩ፣ ያንኑ መንገድ ሄዶ፣ ሞተ።

በእኛ አገር ለሕፃን ረጅም ለቅሶ የለም፤ ተዝካርም አይወጣለትም። ቀባሪዎቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ «እግዜር ይተካ» ይላሉ፣ ነገሩ ያልቃል። እናትየዋ ብታለቅስ «መልአክ ነው የሆነ፤ አይለቀስለትም» ይሏታል። ስንት ልጅ አለህ ብሎ የጠየቀህን ሰው ያሉትን ብቻ ትነግረዋለህ። የሞተውን ሕፃን ከሕያዋኑ ጋር መቁጠር ለቀሩት ጥሩ አይደለም ተብሎ ይፈራል። እኔም ከዚህ ሁሉ ትምህርቴ ጋር እንደ ጎረቤቴ ነበርሁ። ሁለት ወንድ ቀብሬ «አንዲት ሴት አለችኝ» እል ነበር።

ልጅ እየወለደች የሚሞትባትን ሴት ሾተላይ አለባት ይሏታል። ባለቤቴንም አሏት። ሰዉ የሚለው ስለ መጥፎ መንፈስ ነው። እኔ ግን ከአንድ የጤና መጽሐፍ ላይ፣ ሾተላይ የሚባለው የእናትና የፅንስ ደም አለመጣጣም እንደ ሆነ አንብቤ ነበር። በማኅበር ላይ፣ ጠላው እየዞረ፣ ለሽማግሌዎቹ አስረዳኋቸው። ደስ አለኝ። ሁለት ልጅ የቀበርሁ አባት ሆኜ ማዘን ሲገባኝ፣ አዋቂ መባሌ ደስ አለኝ።

ባለቤቴ ሦስተኛውን ስታረግዝ ደሟን አስመረመርሁ። ወረታ ያለው የላቦራቶሪ ልጅ «የእሳቸው ደም ፖዘቲቭ ነው፤ ይህ ችግር የለባቸውም» አለኝ። ተሳስተሃል አልሁት። ባሕር ዳር ወስጄ ደግሜ አስመረመርኋት፤ መልሱ ያው ሆነ። እዚህ ላይ አእምሮ ያለው ሰው «ታዲያ ልጆቼን የገደለ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ አልጠየቅሁም። ሾተላይ ከሌለባት ልጁ አይሞትም ብዬ መጽሐፉን ዘጋሁ። ፓምፕ ቢሆን እንዲህ አላደርግም ነበር። ነዳጅ አለው ብዬ ያልተነሣ ሞተር ለባለቤቱ አስረክቤ አላውቅም።

ልጁ ተወለደ። ክርስትና በተነሣ በሳምንቱ ከሱቄ ስመለስ እናቴ መጥታ ጆሮውን በስታ ክር አስገብታበታለች፤ ቀሚስ አልብሳዋለች።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኋት።

«ሴት ናት» አለች፤ ዐይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

«ወንድ ነው። እኔ ነኝ የወለድሁት።»

«አንተ ነህ? እኔ ምጡ የእሷ መስሎኝ ውኃ ሳፈላ አደርሁ።»

ለጥየቃ የመጡት ሴቶች ሣቁ። ባለቤቴም አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ አልሣቅሁም። መቀስ አንሥቼ የጆሮውን ክር ቆረጥሁ፣ ቀሚሱን አወለቅሁ። «በዚህ ቤት ሰይጣን አይታለልም፤ ሰውም አይታለልም» አልሁ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። በር ላይ ቆም አለችና «አንተ ልጅ፣ የሚቀሩት ሴቶቹ ናቸው። እኔ ሌላ የማውቀው የለኝም» ብላኝ ሄደች።

ይህን ቃሏን ያኔ እንደ ስንብት ነው የሰማሁት። ትልቁን ነገር የነገረችኝ መሆኑ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው።

ነሐሴ ላይ የልጁ አፍ ነጣ። ሜዳው በሙሉ ውኃ ነበር፤ ፓምፕ የሚያስጠግን ስለሌለ ሱቄን ዘግቼ ራሴ ይዤው ወረታ ጤና ተቋም ሄድሁ፤ ባለቤቴ ተከተለችኝ። ያየን ባለሙያ ትሑት ሰው ነበር። ደብተሩን ከፍቶ «ስንት ወልዳችኋል?» አለን።

«ሁለት» አልሁ። «እሱና እኅቱ።»

ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወለሉን አየች። ሰውየው ሁለት ብሎ ጻፈ። ሽሮፕ ሰጠን፣ መርፌ አዘዘለት፣ ሳሉ ጋብ አለ። በሳምንቱ ተመለሰበት። ደግሞ ሄድን፣ ደግሞ ሽሮፕ። ሰውየው ካርዱን እያየ፣ ካርዱ ላይ ያለው የእኔ ቃል ነበርና፣ እኅቱ ጤነኛ የሆነችለት ልጅ ተራ ሳል ይዞት መጣ ብሎ ያስብ ነበር። በእኔ ሁለት የሚል መልስ መስከረም አለቀ፤ ጥቅምትም ተጀመረ።

ዋሽቼ ነበር ወይ? ያኔ ብትጠይቁኝ በሚካኤል ስም አልዋሸሁም እላችሁ ነበር። ሁሉም ሰው እንዲሁ ነው የሚመልስ።

በጥቅምት አጋማሽ ልጁ መጥባት አቃተው። ባሕር ዳር ወሰድነው። አማቴ ከይፋግ መጥተው አብረውን ሄዱ። በእኛ ዘንድ አማችና አማት ይፈራራሉ፤ ያን ያህል መንገድ አንድ መኪና ውስጥ ተቀምጠን እሳቸው ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ወደ መስኮቱ ዞረው፣ እኔ ደግሞ የሹፌሩን ጀርባ እያየሁ ነው የደረስነው።

ሐኪሟ ወጣት ናት። የልጁን አፍ አየች፤ ሲወለድ የተከተበበትን ክንድ ገልጣ ብብቱን ዳበሰች፤ አብጦ ነበር። የደረቱን ፎቶ ወደ ብርሃን አንሥታ ረጅም ጊዜ ቆየች። «እዚህ ጋ በሕፃን ደረት ላይ የሚታይ እጢ ነበር። የዚህ ልጅ አይታይም» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ሌላ ወንድ ልጅ ወልዳችሁ ታውቃላችሁ?» አለችኝ።

እኔ ጉሮሮዬን ስጠርግ ባለቤቴ ቀደመችኝ። በባዕድ ፊት ስትቀድመኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«ሁለት» አለች። «ሁለቱም እንዲህ ሆነው ነው የሞቱብኝ።»

ሐኪሟ ወደ አማቴ ዞረች። «እናቴ፣ እርስዎስ ስንት ወለዱ?»

«ሦስት ሴቶች አሉኝ።»

«ያሉትን አይደለም የጠየቅሁዎ። የወለዱትን ነው።»

አማቴ ነጠላቸውን በእኔ በኩል ጠበቅ ሲያደርጉ አየሁ። ሐኪሟ ገባት። «አባት፣ ለጥቂት ጊዜ ውጭ ይጠብቁን» አለችኝ። አልወጣም አልሁ። ልጄ እዚያ አልጋ ላይ ነበራ። ይልቅ ወንበሬን አዙሬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አደረግሁ። ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የሰማሁት።

«አንዱ ሩዝ ገና እዚህ አገር ሳይለመድ ነው» አሉ አማቴ፤ ድምፃቸው እንደ ተራ ወሬ ነበር። «አፉ ነጭ ሆነ። አንዱ ሜዳው ውኃ በሞላ ጊዜ፤ ወደ ሐኪም የሚያሻግረን ታንኳ አጥተን። ሌላው ቀይ ነበር፣ አባቱን የመሰለ። አራተኛውን ስም አላወጣንለትም፤ ፈርተን።»

«ሁሉም ወንዶች?»

«ሁሉም።»

«የእኅቶችዎ ልጆችስ?»

«ታላቅ እኅቴ ሁለት ቀብራለች። እሷም ወንድ ወንዱን።» ከዚያ «ልጄ፣ ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም» አሏት።

ሴት ልጃቸውን ያገባሁ እኔ ነበርሁ። አሥር ዓመት ሙሉ በየመጽሐፉ ውስጥ የፈለግሁት መልስ በፋሲካና በመስቀል ቤቴ እየመጣ፣ ተሸፋፍኖ ማዕዘን ላይ እየተቀመጠ፣ ይመለስ ነበር።

ሐኪሟ ወንበሬን አዙሬ እንድመለስ ነገረችኝ። ወረቀት ላይ ሴቶቹን በክብ፣ ወንዶቹን በአራት ማዕዘን ሥላ ነበር። አራት ማዕዘኖቹን በእስክሪብቶ አጥቁራ በላያቸው ላይ መሥመር አስምራለች። እናቶቹ በዘር የሚወርድ ስሕተት ይዘው ያስተላልፋሉ፤ እነሱ ራሳቸው አይታመሙም፤ ሴት ልጅ ከወረሰችውም አይገድላትም፤ ወንድ ከደረሰው ግን ሰውነቱ በሽታን የሚከላከልበት ኃይል ሳይኖረው ይወለዳል አለችን። የሚቀሩት ሴቶቹ ናቸው። እናቴ አራተኛ ክፍልም አልደረሰች። ዐይታ ነበር። ያለበሰችው ቀሚስ ከንቱ ነው፤ ያየችው ግን እውነት ነበር፤ እኔ የሰማሁት ቀሚሱን ብቻ ነው።

ብብቱ ያበጠው ሲወለድ በተሰጠው ክትባት ነው ስትለኝ ክትባቱን ልራገም ዳድቶኝ ነበር። ሐኪሟ ከለከለችኝ። ለሌላ ልጅ ጋሻ ነው፤ የዚህ ልጅ ሰውነት ግን ክትባቱን ተቀብሎ የሚማር ሠራዊት የለውም አለችኝ። ሴት ልጄ በዚያው ክትባት ነው ያደገች። ይህን አንብቦ ልጁን ሳያስከትብ የሚቀር አባት ቢኖር እኔን ምክንያት አያድርገኝ።

«ሞተሩ ሙሉ ነው፣ ነዳጁም አለ፣ ካንዴላው ግን እሳት አይሰጥም» አልኋት።

«እንደዚያ ነው» አለች።

«ካንዴላ ይቀየራል።»

ሐኪሟ መልስ ከመስጠቷ በፊት ጓንቷን አወለቀች። ይቀየራል አለችን። በአንዳንድ አገር ከጤነኛ ወንድም ወይም እኅት መቅኒ ወስደው ለታመመው ይሰጣሉ። ሌላም አለ፤ ከልጁ ከራሱ መቅኒ ወስደው፣ የጎደለውን ትክክለኛ ዘረ መል አስገብተው፣ መልሰው ይሰጡታል። የሚያስገባውም ቫይረስ ነው።

«በሽታን በበሽታ?»

«የሚጎዳው ነገር ወጥቶለት። ጭነት ብቻ ይሸከማል።»

«እንደ አህያ።»

«እንደ አህያ» አለች፤ ፈገግ ልትል ፈልጋ ተወችው። ገና ምርምር እንደ ሆነ፣ መጀመሪያ ከታከሙት ልጆች አንዳንዶቹ ላይ ሌላ በሽታ አምጥቶ እንደ ነበር፣ እያረሙት እንደ ሆነ፣ ድነው ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች እንዳሉ ነገረችኝ። አልደበቀችኝም። እዚህ አገር ግን አንዱም ሕክምና እንደሌለ ነገረችኝ። ወደ ውጭ ለመላክ እጽፋለሁ አለች፤ ጻፈችም፤ ደብዳቤዎቿን አይቻለሁ።

ከመልሱ በፊት የመጣው ተመራማሪው ነበር። ንጹሕ ጫማ አድርጎ፣ በረዶ የያዘ ሣጥን ይዞ መጣ። እንደዚህ ያሉ ልጆች ደም ውጭ አገር ይጠናል አለን። ሦስት ገጽ የእንግሊዝኛ ወረቀት ዘርግቶ በአማርኛ አስረዳኝ።

«ጨረስህ?» አልሁት።

«አዎ፣ ይፈርሙልኝ።»

«ወረቀቱ ሦስት ገጽ ነው። አንተ የነገርኸኝ አምስት ዐረፍተ ነገር ነው።»

ሣቀ። «ዋናው እሱ ነው አባት።»

«ልጁን ለማከም ነው?»

«ለምርምሩ ነው። ውጤቱን ግን እናሳውቃችኋለን።»

«መቼ?»

«እንደ ደረሰ።»

ፈረምሁ። የልጁን፣ የባለቤቴን፣ የአማቴንና የእኔን ደም ወሰደ። ጠርሙሶቹን በረዶው ውስጥ ሲደረድር እጁ በጣም ጠንቃቃ ነበር፤ እንቁላል የሚይዝ ይመስል ነበር።

«ይህ ደም አውሮፕላን ይሳፈራል?» አልሁት።

«አዎ፣ ነገ።»

«ልጁስ?»

ሣጥኑን ዘጋ። ስለዚያ እሱ የሚያውቀው እንደሌለ ነገረኝ። እውነቱን ነው፤ ያዘዙት ደሙን እንዲያመጣ ነው። እኔ የምናደደው እሱን በላኩት ነው። አንዲት የደም ጠብታ ሳትበላሽ ከፎገራ ሜዳ ወስዶ ባሕር የሚያሻግር መላ ተገኝቷል። ደሙ የወጣበትን ልጅ የሚያሻግር መላ ግን ማንም አስቦበት አያውቅም። ይህ የገንዘብ ማነስ ነው አትበሉኝ። ማን ይሻገር፣ ማን ይቅር ብሎ የወሰነ ሰው አለ።

ወረታ ስንመለስ ደግሞ ሰዉ ጠበቀን። ልጁ የመከላከል አቅም እንደሌለው ከአፌ ወጥቶ ነበርና፣ ያን ሌላውን በሽታ ነው ብለው አወሩ። ተመርምረን ነጻ መሆናችንን ብናገርም የሰማኝ የለም። አንድ የሽንኩርት ነጋዴ፣ ስንት ዓመት ፓምፑን የጠገንሁለት ሰው፣ ሱቄ በር ላይ ቆሞ «መካኒኩ፣ የሰውን ሞተር ታስነሣለህ፤ የቤትህን ምነው?» አለኝ። ቁልፌን አስቀምጬ ፓምፑን ሳልጠግን አስረከብሁት። ያንን ዓመት ሙሉ ሌላ ቦታ ወሰደ። እኔም አልጠራሁትም።

ልጁ ኅዳር ላይ፣ ሩዝ ሲታጨድ፣ ለሐኪሟ ደብዳቤዎች መልስ ሳይመጣ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሞተ። ስምንት ወሩ ነበር። ከሦስቱ ብዙ የቆየው እሱ ነው፤ ሣቅ ለምዶ ነበር፤ ካንዴላ ስሰጠው ይጨብጥ ነበር። ቁሐር ሚካኤል ቀበርነው። ስንመለስ አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው «እግዜር ይተካልህ፤ ይህ አይቆጠርም» አሉኝ።

«ሦስተኛዬ ነው» አልሁ።

«ተው እንጂ፣ አይባልም።»

«ሦስተኛዬ ነው አባቴ። ይቆጠራል።»

ባለቤቴ ከሴቶቹ መካከል ሆና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ማንም ዝም በይ አላላትም።

ውጤቱ ከዓመት በላይ ቆይቶ መጣ። ሐኪሟ ስልክ ደውላ ጠራችን። ወረቀቱ ላይ ልጄ ስም የለውም፤ ቁጥር ነው። የሐኪሟ ግምት ልክ ነበር፤ ስሕተቱ ባለቤቴ ዘንድ አለ፣ አማቴ ዘንድም አለ። ሴት ልጄ ትውረሰው አትውረሰው ስታድግ ራሷ ፈቅዳ ትመረመራለች። የዳኑት ልጆች የዳኑት እንደ እናንተ ያሉ ቤተ ሰቦች ደማቸውን ስለ ሰጡ ነው አለችኝ ሐኪሟ። አልክድም። ዛሬም ቢጠይቁኝ ክንዴን እሰጣለሁ። ነገር ግን መድኃኒቱ ውስጥ የእኛ ደም ካለ፣ መድኃኒቱ የእኛም ነው። ስንሰጥ ቤተ ሰብ፣ ስንቀበል ቁጥር መሆን የለብንም።

ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅኋት። «መጀመሪያ ቀን ወረታ ላይ አራት ብዬ ብመልስ ኖሮስ?»

ወረቀቶቿን አስተካከለች። «ሳይታመም በፊት፣ እንደ ተወለደ ብናውቅ፣ ከሰው ለይተን፣ መድኃኒት ቀድመን እየሰጠነው፣ ቦታ እስኪገኝለት ጊዜ እናገኝ ነበር። ምናልባት።»

ይህን ምናልባት ለማንም አላካፍልም። የተመራማሪዎቹን ጥፋት ጽፌያለሁ፤ የሰዉን ጥፋት ጽፌያለሁ፤ ምናልባት የሚለው ግን የእኔ ነው።

ዘንድሮ የባለቤቴ ታናሽ እኅት አረገዘች። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት በዚያ ነው። በሚካኤል ቀን ሁሉንም ቤቴ ጠራኋቸው። እናቴ መጣች፣ አማቴ መጡ፣ ነፍሰ ጡሯም ከሐሙሲት ከባሏ ጋር መጣች። እህል ከተቀመሰ በኋላ ሴት ልጄ ደብተር እንድትይዝ አዘዝኋት። ዛሬ በዚህ ቤት የሞቱት ይቆጠራሉ አልሁ።

«ነፍሰ ጡር ፊት?» አለች እናቴ።

«ለእሷ ነው። ይህን ወረቀት ይዛ ነው ሐኪም ዘንድ የምትሄድ። ወንድ ከወለደች በዚያው ቀን ይመረመራል።»

«እኔ ያኔ ብነግርህ መቀስ አነሣህብኝ።»

«አዎ። ወንዶቹ እንደሚሞቱ አንቺ ዐይተሽ ነበር። እኔ አላየሁም።»

እናቴ እንዲህ ስላት ሰምታ አታውቅም። ጉልበቷ ላይ ያለውን ነጠላ አስተካከለች። «ካየሁስ ምን አደረግሁ፤ ቀሚስ ሰፋሁ» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ።

የነፍሰ ጡሯ ባል ሊነሣ ሲል ሚስቱ ክንዱን ያዘችው፤ ተቀመጠ። ባለቤቴ ሦስቱን ልጆቻችንን፣ የየአንዳንዳቸውን የክርስትና ስም እየጠራች፣ ተናገረች። ልጄ ጻፈች። አማቴ በእኔ ፊት፣ ፊታቸውን ገልጠው፣ አራቱን ተናገሩ። ስም ያልወጣለትን «ስም የለውም ብለሽ ጻፊው» አሏት። ከዚያ የእኅታቸውን ሁለቱን ጨመሩ።

ልጄ መሥመር አስምራ ደመረች፤ ቀና ብላም አየችኝ። አንብቢ አልኋት።

«ዘጠኝ ወንድ» አለች።